የዜና መጽሔት ገጽና የግዕዝ ፊደል

ሐዋሳ ውስጥ ለሚገኝ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር በየሦስት ወሩ የሚታተመውን ባለ አራት ገጽ ዜና መጽሔት የማቀናብረው እኔ ነኝ። የምንሠራበት ሶፍትዌር ኢንዲዛይንም ይሁን በነጻ የሚገኘው ስክራይበስ፣ አዲስ ሰነድ ስንከፍት የሚቀበለን የገጽ ልክ ለላቲን ፊደል የተሰላ ስለሆነ፣ ፎቶ ከማስቀመጥ በፊት ገጹን ለአማርኛ ማስተካከል ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው የዓምድ ስፋት ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ብዙ ቴምፕሌቶች (ተዘጋጅተው የሚገኙ የገጽ ንድፎች) የኤ4 ገጽን በሦስት ዓምድ ይከፍላሉ። በግራና በቀኝ 15 ሚሊሜትር ኅዳግ፣ በዓምዶቹ መካከል ደግሞ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ከተተወ ለአንዱ ዓምድ የሚደርሰው 57 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ስፋት ያለችግር ይነበባል፤ አማርኛ ግን ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም በአንድ ግስ ላይ ስለሚደራርብ፣ «ስላላስመዘገቧቸው» የሚል አንድ ቃል ብቻውን የመስመሩን ሲሶ ያህል ይይዛል። ጽሑፉ በሁለቱም ጠርዝ እኩል እንዲሆን ከታዘዘ ደግሞ ሶፍትዌሩ የቀሩትን ሁለት ሦስት ቃላት ስለሚጎትታቸው ከላይ እስከ ታች ነጭ ስንጥቅ ይወርዳል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ቃላትን በሁለት ነጥብ ይለዩ ስለነበር መስመሩ ሲሞላ ቃሉን የትም ቦታ ከፍለው ወደሚቀጥለው መስመር ያለምንም ሰረዝ ያሻግሩት ነበር። እኛ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ስንተካ ያንን ነጻነትም አብረን ተውነው። ስለዚህ እኔ ሁለት ዓምድ፣ እያንዳንዱን 87 ሚሊሜትር፣ እመርጣለሁ፤ የቀኙንም ጠርዝ ሳላስተካክል እተወዋለሁ። «ጫፉ ተቆራርጧል» የሚሉ አይጠፉም፤ ለማንበብ ግን ይቀላል።

የመስመር ርቀትም እንዲሁ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ ስለማይለይ ሁሉም ቁመቱን ሞልቶ ይቆማል፤ ኢንዲዛይን በራሱ የሚሰጠው 120 በመቶ ርቀት፣ ማለትም ለ10 ነጥብ ፊደል 12 ነጥብ (ነጥብ እዚህ ላይ የፊደል መጠን መለኪያ ነው)፣ ገጹን ያጨልመዋል። እኔ 14 እሰጠዋለሁ። ዜና መጽሔታችን በሲዳምኛም ስለሚወጣና ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ በእኩል መጠን ሲቀመጡ አማርኛው ገዝፎ ይታያል፤ ለሲዳምኛው 11፣ ለአማርኛው 10 አድርጌ የመስመር ርቀቱን በሁለቱም 14 ሳደርገው ጎን ለጎን ያሉት መስመሮች ይገጥማሉ። ይህን ሁሉ በፓራግራፍ ስታይል፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የአንቀጽን ቅርጽ በሚያስቀምጥበት ቅንብር፣ አንድ ጊዜ መመዝገብ ይበቃል። አጽንዖት ለሚፈልግ ቃል ግን ፊደሉን ማጋደም አልወድም፤ የቀደሙት ቀይ ቀለም ይጠቀሙ ነበር፣ እኛም በቀለም የምናትም ከሆነ ከዚያ የተሻለ አላየሁም።

የሚላክልን ጽሑፍ አንዳንዴ ፓወር ግዕዝ በተባለው የቀድሞ የመተየቢያ ሶፍትዌር የተተየበ ይሆናል፤ ዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ የሆነው የኮምፒውተር ኮድ) ስላልሆነ ፎንቱ ሲቀየር ወደ ላቲን ምልክቶች ክምር ይለወጣል፣ ስለዚህ ገጹ ላይ ከመፍሰሱ በፊት መቀየር አለበት።

ፎቶ በአብዛኛው የሚደርሰን በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል እንዲሆን ያሳንሰዋል፤ ይህም ለኅትመት በሚፈለገው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) 10.8 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ለአንድ ዓምድ ይበቃል፤ 18 ሴንቲሜትር ለሚሞላው የፊት ገጽ ፎቶ ግን 2126 ፒክስል ስለሚያስፈልግ፣ ላኪው በፋይል መልክ እንዲልከው ማሳሰብ ይገባል። ፎቶ ወይ የአንድ ዓምድ ወይ የሁለት ዓምድ ስፋት ይኑረው እንጂ በዓምድ መካከል ገብቶ ጽሑፉ እንዲዞረው ማድረግ ለአማርኛ አይሆንም፤ ከጎኑ የሚቀረው ጠባብ ቦታ ሁለት ቃል እንኳ አይችልም። ሃያ ሰው ተደርድሮ የቆመበት የስብሰባ ፎቶ በዓምድ ስፋት ሲታተም ፊት አይለይበትም፤ የሥራ ኃላፊዎች ግን ይህንኑ ይወዳሉ።

ማተሚያ ቤቱ ዘንድ የሚሄደው ፒዲኤፍ ፎንቶቹን በውስጡ የያዘና ወረቀቱ ሲከረከም የሚቆረጥ 3 ሚሊሜትር ትርፍ በዙሪያው የተተወለት መሆን አለበት። ከዚያ በፊት በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አውጥቼ የየመስመሩን መጀመሪያ ብቻ እየተከተልሁ እወርዳለሁ፤ ጸሐፊው ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ ትቶ ከሆነ ምልክቱ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል፣ ይህን ደግሞ በስክሪን ላይ ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል።