የ4,500 ዓመቱን ሰው ጂኖም አውርጄ ሳየው የተማርኩት

የጥንት ዲኤንኤ ዜና ሲወጣ ሁሌ አነባለሁ፣ ግን ማንበቡ ብቻ አልበቃ ስላለኝ ዳታውን ራሴ ለማየት ወሰንኩ። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ይሄ ዳታ በነፃ ይገኛል፣ ሃርቫርድ ያለው የዴቪድ ራይክ ላብ በሺዎች የሚቆጠሩ የጥንት ሰዎችን ዳታ አንድ ላይ ሰብስቦ አስቀምጦታል፣ ዳውንሎድ ማድረግ ነው።

የጀመርኩት ከሞታ ነው። ጋሞ ደጋ፣ ሞታ ዋሻ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ወንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ የወጣ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ጂኖም (የአንድ ሰው ዲኤንኤ በሙሉ) ነበር። ዲኤንኤው የተወሰደው የውስጥ ጆሮን ከሚሸፍነው የራስ ቅል አጥንት ነው፣ እሱ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዲኤንኤ ይይዛል። ሙቀት ዲኤንኤን ቶሎ ያበላሸዋል፣ እዛ ግን ደጋ ስለሆነ ቅዝቃዜው ረድቷል።

መጀመሪያ ፒሲኤ ሰራሁ፣ ማለት ዛሬ ያሉ ሕዝቦችን ዳታ እንደ ካርታ ዘርግቼ ሞታን እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ያቺ አንድ ነጥብ ሄዳ ደቡብ ኦሞ የሚኖሩት አሪዎች አጠገብ አረፈች፣ ጥናቱም የሚለው ይሄንኑ ነው። እውነት ለመናገር ስክሪኑን ትቼ መነሳት አቃተኝ፣ ይሄን ያህል ሺህ ዓመት አልፎ ዝምድናው እዛው አካባቢ መገኘቱ በጣም ነው የሚደንቀው!

ከዛ በጥናቱ ላይ የወጣውን ማስተካከያ አነበብኩ፣ እናንተም ሳታነቡት እንዳታልፉ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከዩሬዥያ (አውሮፓና እስያ) ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ዘር እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ በደንብ ገብቷል ብሎ ነበር፣ በ2016 ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አረሙት። ሁለት ሶፍትዌሮች ፋይል ሲቀባበሉ ሞታ ከማመሳከሪያው ጂኖም (ሌሎቹ ሁሉ ከሚነፃፀሩበት) ጋር አንድ የሆነባቸው የዲኤንኤ ቦታዎች ተጥለው ነበር፣ በዛ ምክንያት ሌላው አፍሪካዊ ከሱ አንፃር ሲታይ ወደ ዩሬዥያ የተጠጋ መሰለ። ምስራቅ አፍሪካ ላይ ያለው ድብልቅ ግን እውነት ነው፣ እሱ አልተነካም። ስለዚህ እኔ ፋይል ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ ስቀይር ስንት ቦታ ገብቶ ስንት እንደወጣ ሳልቆጥር ወደሚቀጥለው አልሄድም።

ሌላው አድሚክስቸር ነው፣ ያ የእያንዳንዱን ሰው ዘር ወደ ምንጮች ከፋፍሎ የሚያሳይ ባለቀለም ግራፍ። በ5 ምንጭ ክፈል ብትሉት 5 ቀለም፣ 8 ብትሉት 8 ቀለም ይሰጣችኋል፣ ቀለሙን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። አሪ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። የአሪ አንጥረኞች ከገበሬዎቹ ጋር ሳይጋቡ ተገልለው የኖሩ ናቸው፣ ግራፉ ላይም የራሳቸው ቀለም ይዘው ይወጣሉ፣ ከዚህ በመነሳት አንጥረኞቹ የድሮ አዳኞች ቅሪት ናቸው ገበሬዎቹ ደግሞ በኋላ የመጡ ናቸው የሚል መላምት ነበር። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደሆኑ አሳየ፣ ልዩነቱ የመጣው ተገልለው፣ ቁጥራቸው አንሶ፣ እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ ስለኖሩ ነው። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት፣ መገለሉ ራሱ ዲኤንኤያቸው ላይ ተጽፎ ቀርቶ ተመልሶ "ድሮም ሌላ ናችሁ" ለማለት ማስረጃ ሊሆንባቸው ነበር። አሁን እንዲህ አይነት ግራፍ ሲላክልኝ ቀለሙን ከማየቴ በፊት ሕዝቡ ምን ያህል ነበር፣ ከማንስ ጋር ይጋባ ነበር ብዬ ነው የምጠይቀው።