ሳይድ ቢ

ከቀፊራ ገበያ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ድሬዳዋ ላይ ይህ ሥራ ዛሬም ሰው አያጣም። ከተማዋ በባቡር የተቆረቆረች ናት፤ ቴፑም ካሴቱም ከጅቡቲ በዚያው ሐዲድ ሲመጣ ኖሯል። ብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አንድ ካርቶን ካሴት አቧራ ለብሶ ይገኛል።

ግንቦት ላይ ነው። ረፋዱ ገና ከመጀመሩ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አንዲት እናት ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ይመስለኛል። ከፌስታል ውስጥ አንድ ካሴት አወጡ። ባለ 60 ደቂቃ ነው። በስክሪብቶ የተጻፈበት ደብዝዟል።

«ልጄ፣ ያለውን ሁሉ ገልብጥልኝ።»

«ምን ምን አለው እትዬ?»

«የዓሊ ቢራ አለ፣ የጥላሁን አለ...» አሉና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «ሌላም አለ።»

ያቺን «ሌላም አለ» ልብ አላልኳትም።

ሥራውን የሠራሁት ማታ ነው። የቴፑን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ጠረግኩ፣ ካሴቱን ከተትኩ፣ ላፕቶፑን አስነሳሁ። ሳይድ ኤ ድንቅ ነበር። ሰባት ዘፈን፣ ጥርት ያለ ቅጂ። ዓሊ ቢራ እዚሁ ድሬ የተወለደ፣ አፍራን ቀሎ ከሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በሐረሪም በሶማሊኛም የዘፈነ ሰው ነው። እሱን ስገለብጥ እጄ ይጠነቀቃል።

ሳይድ ቢ ሌላ ዓለም ነው። ስድስት የፈረንጅ ዘፈን፣ አብዛኛው ቦኒ ኤም የሚባለው የዲስኮ ቡድን። ቅጂው ደግሞ በአየር የተወሰደ ነው። በዚያ ዘመን ማገናኛ ገመድ የሌለው ሰው ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ያስቀምጥና አንዱን እያጫወተ በሌላው ይቀዳ ነበር። ስለዚህ ዘፈኑ ብቻ አይደለም የሚቀዳው፤ ቤቱም አብሮ ይቀዳል። በር ይንኳኳል፣ ሰው ይስላል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ ከሩቅ ፍየል ይጮኻል። እኔ ደግሞ በየመሃሉ ይህን ሁሉ እየሰማሁ «ድምፅ የተበላሸ» ብዬ ደመደምኩ።

እውነቱን ልናገር። የቅጂው ጥራት ግማሽ ምክንያት ነው። ሌላው ግማሽ ንቀት ነበር። ቦኒ ኤምን የሠራው ጀርመናዊው ፍራንክ ፋሪያን ነው። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማውን የወንድ ድምፅ ስቱዲዮ ገብቶ የዘፈነው ራሱ ፋሪያን ሲሆን፣ መድረክ ላይ እየዘለለ የሚጨፍረው ቦቢ ፋሬል ከንፈሩን ነበር የሚያንቀሳቅሰው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ጉዳዩን የዘጋሁት መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከዓሊ ቢራ ጋር በአንድ ፍላሽ ይቀመጣል? ሳይድ ቢን ተውኩት። ሰባቱን ዘፈን አጽድቼ፣ ስም ሰጥቼ፣ ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ላፕቶፔ ሞልቶ ስለነበር የሙሉውን ካሴት ጥሬ ቅጂ አጠፋሁት።

ይህን የማደርገው እኔ ማን ሆኜ ነው? ልጅ ሆኜ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ማካሬና የሚባለው ዘፈን ዓለምን ያዳረሰ ጊዜ፣ የሰፈር ልጆች ግቢ ውስጥ ተሰልፈን እጃችንን ትከሻችን ላይ፣ ወገባችን ላይ እያደረግን የምንጨፍር ነበርን። ዛሬም ስሰማው ደስ ይለኛል። ግን ሙዚቃ የሚያውቁ ሰዎች መሃል ስቀመጥ አላወራውም። የራሴን ደብቄ የሰው ቆረጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ተመለሱ። ድሬ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁም ሰውም ይተኛል። ሙቀቱ አያሠራም። እሳቸው ገና ከ10 ሰዓት በፊት በሬ ላይ ቆመው ነበር። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ግማሹ የለም።»

«እትዬ፣ የቀረው ጥራት የለውም። ጫጫታ ነው፤ ዘፈኑም ያው የፈረንጅ...»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «የዓሊማ በየቤቱ አለ፣ የጥላሁንም አለ። አፍሬ ነው እንጂ የመጣሁት ለነዚያ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። በዚህ ዕድሜዋ ዳንኪራ ይላሉ።»

ከዚያ አወሩኝ። ዘመኑ 1971 ዓ.ም. ነው። የሶማሊያ ጦር ከድሬዳዋ ከተመለሰ ገና ብዙም አልሆነም። ሰዓት እላፊ አለ። ማታ የሚወጣ የለም። እሳቸውና ታናሽ እህታቸው ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ የተዋሱትን ቴፕ ከራሳቸው ቴፕ ፊት አስቀምጠው ቀዱት። እናታቸው ዳንኪራ አይወዱም። አንዱን ዘፈን ግን ፈቀዱላቸው።

«የቱን?»

«የባቢሎኑን። እንግሊዝኛ አስተማሪያችን ትርጉሙን ነግሮን ለእማዬ አስረዳናት። ይሄማ ዳዊት ነው አለች።»

ልክ ነበሩ። ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን ማለት መዝሙረ ዳዊት 136 ነው፤ «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን» የሚለው። ቦኒ ኤም በ1978 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው እንግሊዝ አገር ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። መጀመሪያ ግን የእነሱ አልነበረም። ጃማይካዊዎቹ ሜሎዲያንስ በ1970 እ.ኤ.አ. የዘፈኑት የራስታ ዘፈን ነው። በእነሱ ቅጂ ውስጥ «ኪንግ አልፋ» የሚል አለ፤ ራስታዎች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሚጠሩበት ስም ነው። ቦኒ ኤም ያን አውጥተው «የእግዚአብሔር» የሚል አገቡበት። ይህን ሳውቅ ረጅም ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩ። ንጉሡ የተወለዱት ከሐረር ብዙም በማትርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ስማቸው ከዘፈኑ ወጥቶ፣ እሳቸውም ከዙፋን ወርደው፣ ዘፈኑ ዓለምን ዞሮ እዚሁ ትውልድ አገራቸው አጠገብ በሰዓት እላፊ ሁለት ልጃገረዶችን ያስጨፍራል። እኔ ተራ ነገር ብዬ የዘለልኩት ይህን ነው።

ጥሬው ቅጂ ጠፍቷል። ካሴቱን እንደገና ማጫወት ግድ ሆነ። ፊታቸው ጥሩ ሆኜ ለመታየት ቸኮልኩ፤ ሄዱንም ክሩን የሚስበውን ጎማም ሳልጠርግ ከተትኩት። አራተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ቆመ። ቴፑ ክሩን በላው።

ልቤ ቆመ። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። ስፋቱ አራት ሚሊሜትር የማይሞላ ቡናማ ክር ነው። በጣቴ ጫፍ አንድ ዙር፣ አንድ ዙር እያልኩ ፈታሁት። አንድ ቦታ ላይ ተጨማትሮ ተበጥሷል። ክሩን ከሄዱ ጋር የሚያስጠጋው ትንሽ ስፖንጅ ደግሞ ካሴቱ ውስጥ ረግፏል። መጀመሪያውኑ ማየት የነበረብኝ እሱን ነው።

«ተበላሸ?» አሉኝ።

«ይጠገናል እትዬ። ነገ ይምጡ።»

ሌሊቱን ስሠራው አደርኩ። ብሎን ካለው ሌላ ካሴት ሰውነት ወስጄ ክሩን አዛወርኩ። የተጨማተረውን በምላጭ ቆርጬ ጣልኩ። ጫፍ ለጫፍ ደረብኩና በኩቴክስ ለጠፍኩት፤ ድሮ ሁላችንም እናደርገው እንደነበረው። ተራ ስኮች እዚህ ላይ አልጠቀምም። በሙቀት ሙጫው ይወጣና ቀጥሎ ያለውን ክር ያጣብቃል፤ የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። የጠፋው ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የጎደለው ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ማንም አይሰማውም ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ካሴት ከመጀመሪያው ጭረት እስከ መጨረሻው ዝምታ ሳልነካ እገለብጣለሁ። የጸዳውን ለብቻ፣ ጥሬውን ለብቻ እሰጣለሁ። ባለቤቱ ጆሮ ላይ አድርጎ «አዎ፣ ይሄ ነው» ሳይል ከላፕቶፔ አላጠፋም። «ሌላም አለ» የሚለኝ ሰው ካለ ደግሞ «የቱ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ የህንድ ፊልም ዘፈን ይለኛል፣ አንዳንዱ ሞደርን ቶኪንግ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚነግረኝ። እኔም የማካሬናን እነግረዋለሁ።

በማግስቱ መጡ። ሄድፎን ልሰጣቸው ስል «አይ፣ በስፒከሩ ይሁን» አሉ። አጫወትኩት። ፍየሉ ጮኸ። ሁለት ልጃገረዶች ሳቁ። አንዷ «እሺ፣ አሁን!» አለች። ዘፈኑ ከግማሽ ስንኝ ጀመረ፤ መቅጃውን ዘግይተው ስለተጫኑት። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ተከተሉ። እንግሊዝኛው ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዜማው ግን አንድም ቦታ አልሳታቸውም።

የለጠፍኩት ቦታ ደረሰ። ዓይናቸውን ከፈቱ።

«እዚህ ጋ ዘለለ።»

«አዎ እትዬ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ተጨማትሮ ስለነበር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ግዴለም» አሉና መልሰው ጨፈኑ።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ከዘፈኑ ጀርባ፣ ራቅ ካለ ክፍል፣ የትልቅ ሴት ድምፅ ይመጣል። «ኧረ ቀንሱት! ሰው ይሰማል!» ይላል።

እትዬ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ስፒከሩ ማስተካከያ ሰደዱ። ቀነሱት። ጣታቸው እዚያው ቁልፉ ላይ ቀረ።

ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተናገርንም። ካለቀ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«ሌላ ፍላሽ አለህ? አንድ ደግሞ ቅዳልኝ። እህቴ ጅቡቲ ናት። ጥሬውን ነው የምፈልገው፤ ፍየሉም እንዳለ ይሁን።»