ለምን አልጻፉትም?

መጽሐፌ በወጣ በአራተኛው ወር አንድ ትምህርት ቤት ለንባብ ሳምንት ጠራኝ። ስለ አድዋ ለልጆች የጻፍኩት የመጀመሪያ መጽሐፌ ነው። ልጆቹ አንብበውት ጠበቁኝ። ተጫወትን፣ ተሳሳቅን፣ ፈረምኩላቸው። እኔም ደራሲነት እንዲህ ከሆነማ ብዬ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከኋላ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። "ከጦርነቱ በኋላ እጅና እግራቸው የተቆረጡትን ሰዎች ለምን አልጻፉትም?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። እኔ "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አልኩ። ሰው መልስ ሲጠፋው የሚላት ነገር ናት። ቀጥዬ "መጽሐፉ ለትንንሽ ልጆች ስለሆነ ነው" ብዬ አለፍኩ። ልጁ ተቀመጠ። እንዳላመነኝ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ወደዚህ ልጅ እመለሳለሁ። መጀመሪያ እንዴት እዚያ ክፍል እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

አስራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ልጆች ታሪክ አይወዱም ሲባል እየሰማሁ፣ እኔም እያልኩ። አንድ ክረምት የእህቴ ልጆች እኛ ቤት ሰነበቱና ማታ ማታ ተረት በቃን አሉ፤ "የእውነት የሆነ ነገር ንገረን።" የውጫሌን ውል ነገርኳቸው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመ፣ አንቀጽ 17 ላይ አማርኛውና ጣሊያንኛው የማይገናኝ ውል። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ትንሹ፣ የስምንት ዓመቱ፣ ትንሽ አሰበና "እማዬም እኮ 'አሁን መተኛት ትችላለህ' ስትል ግዴታ ማለቷ ነው" አለ።

ስንት ዓመት ያስተማርኩትን አንቀጽ ልጁ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው። ያን ማታ ነው ደብተር ያወጣሁት።

የመጀመሪያው ረቂቄ የሚያሳፍር ነበር። የመማሪያ መጽሐፍ ታናሽ ወንድም በሉት። ዓመተ ምሕረት፣ ማዕረግ፣ ስም፣ እንደገና ዓመተ ምሕረት። ለልጆቹ ጮክ ብዬ ማንበብ ስጀምር በሦስተኛው ገጽ አንዱ የምንጣፉን ክር ይመዛል፣ ሌላዋ ጣሪያ ታያለች። እርሳስ አነሳሁና የተቁነጠነጡበት መስመር ጎን ላይ "ቁ" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። እስካሁን የምሠራው እንዲሁ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ቁ ካለ ገጹ ይቀየራል፤ ሦስት ካለ ይወጣል። እኔ ራሴ በጣም የወደድኳቸው አንቀጾች ናቸው አብዛኛውን ጊዜ ቁ የሚበዛባቸው።

ከሁሉ የገረመኝ የክተት አዋጁ ነው። ዐፄ ምኒልክ ጉልበት ያለህ በጉልበትህ፣ ጉልበት የሌለህ ደግሞ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል "በሐዘን እርዳኝ" ያሉበት። አዋጁን አስቀምጬ ከሥሩ አራት መስመር ማብራሪያ ጨመርኩበት። አራቱም ቁ ሆኑ። አዋጁ ሲነበብ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማብራሪያውን ሰረዝኩት። "በሐዘን እንዴት ይረዳል?" ብለው ጠየቁ። ዝም አልኩ። እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ሻይ ጠጣሁ።

ሌላው ትምህርቴ የመጣው ከመቀሌ ነው። ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ሠርተው ነበር። ውኃው ግን ከምሽጉ ውጪ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘ፣ ምሽጉም በጥም ተጨንቆ በጥር 1888 ዓ.ም. ለቀቀ። እኔ ይሄን እንደ ትልቅ የጦር ስልት አድርጌ ጽፌው ነበር፤ ካርታ ሁሉ አለው። የእህቴ ልጅ ሰምታ ስትጨርስ "በቅሎዎቹስ?" አለች። የምን በቅሎ? "ዕቃ የተሸከሙት። እነሱም እኮ ይጠማቸዋል።"

መለስ ብዬ ሳየው በጠቅላላው ረቂቅ ውስጥ አንድም እንስሳ ውኃ አልጠጣም። አንድም ሰው አልበላም። ያ ሁሉ ሠራዊት ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ እስኪዋጋ ድረስ በእኔ መጽሐፍ ጾሙን ነው። ምዕራፉን ከአንዲት በቅሎ ጥም ጀመርኩት። በሶው፣ ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው፣ ስንቅ ያዘጋጁት ሴቶች፣ ድንኳን ተሸካሚው ሁሉ ገቡ። መጽሐፉ ሕይወት ያገኘው ያኔ ይመስለኛል።

የካርታው ታሪክ ደግሞ ያለ ምንም ድካም ሠራልኝ። ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ የነበረው ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ የተሳሳተ ቦታ ላይ አስቀምጦታል። ጄኔራል አልቤርቶኔ የአገሩ ሰው ኪዳነ ምሕረት ወደሚለው ወደ እውነተኛው ኮረብታ ሄደ። ሲነጋ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን የኢትዮጵያ ጦር ፊት ነበር። ልጆች ይሄን ሲሰሙ ይፈነድቃሉ። ትልቅ ሰው፣ ያውም ጄኔራል፣ መንገድ ሲጠፋው ከማየት በላይ ደስ የሚላቸው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስለ የፈረስ ስም ካላወራሁ ግን የእህቴ ልጆች አይለቁኝም። ያኔ የጦር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። እኔ ግማሽ ገጽ ብቻ ሰጥቼው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ "እናንተስ?" አልኩና ነገሩ ከእጄ ወጣ። አባ ጎል። አባ ዋይፋይ። አንዱ በጣም ተኮሳትሮ አባ እንቅልፍ ነኝ አለ። አንዲት ልጅ ተነስታ "ለሴትስ ምን ይባላል?" ስትል ሳቁ ቆመ።

መልስ አልነበረኝም። አንብቤ መጣለሁ ብያት ወጣሁ። የፈረስ ስም ባይሆንም በእቴጌ ጣይቱ ማኅተም ላይ የተጻፈውን ይዤላት ተመለስኩ፤ "ብርሃን ዘኢትዮጵያ"። ከራሷ ስም ቀጥላ "ብርሃን ዘአምስተኛ ቢ" ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ግማሽ ገጹ በሁለተኛው እትም ስድስት ገጽ ሆነ።

ስለ ሥዕሉም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ገንዘብ ያስወጣኝ እሱ ነው። ሠዓሊው ጎበዝ ልጅ ነው። የጣሊያን ወታደሮቹን ሣላቸው፣ አጸደቅኩ፣ ቀለም ተቀባ። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ሻይ እየጠጣ አገላበጠውና "እነዚህ እኮ የ1928 ወታደሮች ናቸው" አለኝ። የብረት ቆብ አድርገዋል። አንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ደግሞ፣ እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም፣ ትንሽ አውሮፕላን አለች። አድዋና ማይጨው መካከል አርባ ዓመት አለ። ሠዓሊው የሠራው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን አይቶ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሠዓሊ "የጣሊያን ወታደር ሣል" አይባልም። ዘመኑን፣ ቆቡን፣ ጠመንጃውን፣ ጫማውን ፎቶ ሰብስበህ ትሰጠዋለህ። አስራ አራት ሥዕል እንደገና ተሠራ። ባለቤቴ ስለዚያ ወር ዛሬም ስታወራ ድምጿ ይቀየራል።

የዘመን አቆጣጠሩን እንደ ቀላል አይቼው ነበር። ሁሉን በእኛ ጻፍኩ። ውጭ አገር ያለች አንዲት እናት ልጇ 1888 ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ሌላ ነገር እንደሚመጣበት ጻፈችልኝ። እውነቷን ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ለነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። አሁን ጽሑፉ ውስጥ በእኛ ይሄዳል፣ ዳር ላይ በትንሹ እ.ኤ.አ. አለ።

አሳታሚ አላገኘሁም። ለልጅ መጽሐፍ ገበያ የለውም አሉኝ። ተበድሬ አንድ ሺህ ኮፒ አሳተምኩ። ከአልጋ ሥር፣ ከሶፋ ኋላ፣ ኮሪደር ላይ ካርቶን ብቻ ሆነ። ለገሃር አካባቢ መጽሐፍ ክንዱ ላይ ደርድሮ የሚዞር አንድ ልጅ ሽፋኑን አይቶ "ጋሼ፣ የልጅ መጽሐፍ የሚገዛው ልጅ አይደለም፤ ወላጅ ነው። ይሄ ሽፋን ግን ለማንም አይደለም" አለኝ። ግራጫ ነበር። ተራራ ብቻ። ቁም ነገረኛ እንዲመስል ብዬ ነው። ሁለተኛው እትም ሽፋን ላይ በቅሎዋ አለች፤ ቀጥ ብላ ታይሃለች። ያ አዟሪ ከማንም መጽሐፍ ቤት በላይ ሸጦልኛል።

እንግዲህ ወደ ሰባተኛ ክፍሉ ልጅ።

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያደርግለታል? በዓልን ለምን አበላሻለሁ? ወላጅ ምን ይላል? ከሁሉም በላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰው እንዳይሰድበኝ ፈርቼ ነው የተውኩት። ለልጆቹ አስቤ አይደለም። ልጁም የገባው ይሄ ይመስለኛል። ነገሩን ስልክ ላይ አንብቦታል። ከዚያ የእኔን መጽሐፍ ገልጦ ፈልጎታል። አጣው። ከዚያ ወዲያ ስለ በቅሎዋ የጻፍኩትንስ ለምን ያምነኛል?

ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ሳምንት ተቀመጥኩ። የሚታወቀው ይሄ ነው፤ በጣሊያን ጦር ውስጥ ተሰልፈው ከተማረኩት የኤርትራ አስካሪዎች ወደ 800 የሚጠጉት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። የአገር ሰው ሆነው ከጠላት ጋር ስለተሰለፉ እንደ ከዳተኛ ተቆጠሩ፤ ያ ደግሞ በዘመኑ ለክህደት የሚሰጥ ቅጣት ነበር። ጣሊያኖቹ ምርኮኞች ግን ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ሲፈረም ወደ አገራቸው ተሸኙ።

አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ አለባበስኩት፤ "አሳዛኝ ነገሮችም ተፈጽመዋል።" ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ቀጥዬ ስለ ዘመኑ ሕግ ረጅም ትንታኔ ጻፍኩ፤ ጠበቃ ሆንኩ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ደም በደም አደረግኩት። ያም ለልጅ አይሆንም፤ ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም። በመጨረሻ የቀረው ስድስት አጭር አረፍተ ነገር ነው። ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሆነ፣ ያደረጉት ሰዎች ለምን ትክክል እንደመሰላቸው፣ ከዚያ ቀን በኋላም እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ሄደው መኖር እንደነበረባቸው። ሥዕል የለውም። ማብራሪያም የለውም፤ ከክተት አዋጁ ተምሬያለሁ።

ለእህቴ ልጆች ሳነበው እርሳሴ እጄ ላይ ነበር። አንድም ቁ አልወጣም። ልጅቷ ቆይታ "በግራ እጃቸው መብላት ለመዱ?" አለች። ትንሹ ደግሞ ጣሊያኖቹ ለምን እንዳልተቆረጡ ጠየቀ። ማታውን ሙሉ ስለዚያ ስናወራ አመሸን። እንቅልፍ ያጣ የለም፤ እኔ ብቻ።

ሁለተኛው እትም ሲወጣ ሁለት ወላጆች ደውለው ተቆጡኝ። አንደኛው ሰውዬ ጨርሰው ከተቆጡ በኋላ "ልጄ ግን ሌላ መጽሐፍ አለዎት ወይ እያለኝ ነው" አሉ። ነበረኝ። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ስለተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ እየጻፍኩ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር መድፍ ለመሸከም ካመጣቸው 44 ዝሆኖች ይጀምራል፣ ዊንዘር መቃብሩ ላይ ያልቃል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር ሲሞት። አንድ ወዳጄ መጨረሻውን ትንሽ ደስ የሚል አድርገው ቢለኝ አልሰማሁትም።

ያንን ትምህርት ቤት ለመነሁና ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ገብቷል፤ ቁመቱ እኔ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። መጽሐፉን ሰጠሁትና ገጹን ነገርኩት። ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ ገለጥ ገለጥ አድርጎ የፈረስ ስሞቹ ጋ ደረሰ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ያቺን ገጽ አየ።

"የእነዚህስ ስማቸው?" አለኝ።

ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩት።