ከደሴ ወደ ባቲ፦ ማተብ ያሰሩ ዋኔዎችን ፍለጋ

ዋኔ ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከደሴ ወደ ባቲ የሚወርደውን መንገድ እመክራለሁ። በግማሽ ቀን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ስለሚወረድ የደጋውም የቆላውም ወፍ በአንድ ጉዞ ይታያል። እኔ የወረድኩት ማጅራቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ የሚመስለውን የበረሃ ዋኔ ለማየት ነው። በየአገሩ በሽቦ ቤት የሚረባው ፈዛዛ ዋኔ የዱር ዘሩ ይኸው ነው።

ደሴ ላይ የሚያሳስት የለም። ጣሪያው የነጭ ማጅራት ርግብ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኝም። ጠቆር ያለው የደጋ ዋኔም በአንገቱ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት አለው እንጂ ከኋላ የሚያገናኘው መስመር የለውም። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ፣ ቦርከና ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች የመጀመሪያው ባለ ማተብ ጮኸ፦ ዓይነ ቀዩ። ገዘፍ፣ ጠቆር ያለ ነው፤ ሲበር ጅራቱ ላይ ነጭ አይታይም።

ባቲ ላይ ሥራው ይከብዳል። የሰኞው ገበያ ከተበተነ በኋላ፣ በማግስቱ ማለዳ የእህል ተራውን መጎብኘት ይጠቅማል፤ የፈሰሰ ማሽላ ዋኔ ይስባል። መጀመሪያ ዓይኑን ተመልከቱ። ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ዙሪያው ቀይ ቆዳ ካለው ሌላ የቆላ ዋኔ ነው። የምፈልገው ዓይኑ ጥቁር ቀይ ነበር፤ ገላው አሸዋ መልክ፣ ሆዱና የጅራቱ ሥር ነጭ። የጅራቱን ሥር ለማየት ወፉ ከፍ ብሎ እስኪያርፍና ፀሐይ ከጀርባችሁ እስክትሆን ጠብቁ፤ በጥላ ነጩ ግራጫ መስሎ ያታልላል። ጫጩት ደግሞ ገና ማተብ ስለሌለው ተዉት።

ይህን ያህል የምጨነቀው የጅራት ሥር ባለማየት የመጣውን ስለማውቅ ነው። የእስያው ባለ ማተብ ዋኔ፣ የዚህ የቅርብ ዘመድ ሆኖ የጅራቱ ሥር ግን ግራጫ የሆነው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከባልካን ተነስቶ አውሮፓን አዳረሰ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ፈለፈለ። ወደ አሜሪካ ያሻገረው ግን ሰው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባሃማስ፣ ናሳው ላይ ወደ 50 የሚጠጉ ተለቀቁ። ፍሎሪዳ ሲገባ ወፍ ተመልካቾች ከሽቦ ቤት ያመለጠ የቤት ዋኔ ነው ብለው አለፉት፤ ማንነቱ የተለየው በ1980ዎቹ ውስጥ ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ተራብቶ ነበር። በአንዴ የሚጥለው ሁለት እንቁላል ብቻ ቢሆንም በዓመት ደጋግሞ ይፈለፍላል፤ የሰው እህል ባለበት የክረምት ብርድም አይበግረውም። ወጣቶቹ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዘለው ይሰፍራሉ፣ የታለፈው ቦታ ቆይቶ ይሞላል። በ2000ዎቹ ምዕራብ ጠረፍ ደርሶ ነበር።

ሁለቱን በዓይን መለየት ካቃተ ጆሮ ይሻላል። የእስያው ሦስት ምት አለው፤ መካከለኛው ይጠብቃል፦ ኩ-ኩኡኡ-ኩ። የባቲው አንድ ጊዜ ይልና ቀጥሎ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል፦ ኩ፣ ኩርርሩ። ሲያርፍም ሳቅ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። የጅራቱ ሥር በማታምኑት ፎቶ ላይ ከመከራከር ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ በስልክ ግማሽ ደቂቃ ድምፁን ቅዱ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከፍታውን እዚያው መዝግቡ።