«--ታርጌት» የማን ነው?

የሽያጭ ሶፍትዌራችንን ለቅርንጫፎች የምንልከው በሜክሰልፍ ጠቅልለን ነው። ሜክሰልፍ ፎልደሩን ይጨምቅና ከፊቱ የሼል ስክሪፕት (ሊኑክስ በቀጥታ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር) ይለጥፍበታል፤ አንድ ፋይል ይሆናል። ፋይሉ ሊኑክስ ላይ ሲነሳ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ራሱን ይዘረግፋል፣ ውስጡ ያለውን ኢንስቶለር ያስነሳል፣ ሲጨርስ ያንኑ ፎልደር አጥፍቶ ይወጣል።

አንዱ ቅርንጫፍ የሰርቨሩ ዋና ዲስክ ሊሞላ ስለነበር ሶፍትዌሩ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ይጫን ተባለ። ኢንስቶለራችን ለዚህ «--ታርጌት» የሚል ምርጫ፣ ማለትም ፋይሉ ሲጠራ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፍ ትእዛዝ፣ ነበረው። የቅርንጫፉ የአይቲ ልጅ ፋይሉን ጠራ፣ «--ታርጌት» ብሎ የአዲሱን ዲስክ ፎልደር አስከተለ። ምንም ኤረር የለም። ሶፍትዌሩም ተነሳ።

ከሳምንታት በኋላ ዋናው ዲስክ ሞላና ሽያጭ ቆመ። ልጁ ደወለ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ አዲሱ ዲስክ ላይ ነው የጫንኩት። ፋይሎቹ ይኸው ይታዩኛል!»

እውነቱን ነው፤ ፎልደሩ ባዶ አልነበረም። እስቲ ዝርዝሩን ላክልኝ ስለው ግን የመጣው የኢንስቶለሩ ስክሪፕትና ገና ያልተፈታ የታር ፋይል (ሶፍትዌሩ የታሸገበት ጥቅል) ነው። ዳታቤዙ የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። «--ታርጌት» የሜክሰልፍም ምርጫ ነው። ለሱ «እዚህ ዘርግፈኝ» ማለት ነው፤ ሲጨርስም ፋይሎቹን አያጠፋም። ምርጫውን ለራሱ ዋጥ አደረገውና ኢንስቶለራችን ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ እንደ ልማዱ ዋናው ዲስክ ላይ ጫነ። ስሙ ባይገጣጠም ኖሮ ሜክሰልፍ የማያውቀው ምርጫ ነው ብሎ ይቆም ነበር። (ዊንዶውስ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የሰቨንዚፕ የኢንስቶለር ሞጁልም «-ዋይ» የሚለውን ምርጫ መጀመሪያ ላይ ካገኘ ለራሱ ያስቀራል፤ የተረፈውን ነው ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው።)

መፍትሔው ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ባዶ «--» ማስገባት ነው። ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ውስጠኛው ፕሮግራም ያልፋል። ሜክሰልፍ ከዘረገፈ በኋላ የሚያስነሳው የኛ መነሻ ስክሪፕትም የደረሰውን ምርጫ ሁሉ «"$@"» (በሼል ቋንቋ «የተሰጠኝን ሁሉ እንዳለ») ብሎ ለኢንስቶለሩ ማሳለፍ አለበት፤ ጥቅሱ ከተረሳ ስፔስ ያለበት የፎልደር ስም ለሁለት ይሰነጠቃል።

ልጁ «--» ጨምሮ ሲሞክር ደግሞ የኮንፊግ ፋይሉ አልተገኘም አለ። አጠገቡ ያለውን ፋይል በስሙ ብቻ ጠርቶታል፤ ኢንስቶለሩ ግን የሚሠራው ጊዜያዊው ፎልደር ውስጥ ቆሞ ነው። ሙሉ ፓዙን፣ ማለትም ፋይሉ ያለበትን ሙሉ አድራሻ፣ ሲጽፍ ሄደለት።

እኛም ምርጫውን «--ኢንስቶል-ዲር» አልነው። አሁን «--»ን የረሳ ሰው ገና ሲጀምር ሜክሰልፍ ይመልሰዋል።