የአንዷ ሳንቲም ጣጣ

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን የምግብ ሒሳብ ለጓደኛሞች የሚያካፍል አገልግሎት ሠራ። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መቶ ብር ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 33.33 ደረሰ፤ ሲደመር 99.99። ኮዱን የምፈትሽባቸው ቴስቶች ግን ሁሉም አረንጓዴ ነበሩ፣ አልፈዋል ማለት ነው፤ የሞከርኩት በ2፣ በ4 እና በ5 ብቻ ነዋ! ለአንድ ሳንቲም ማን ይጠይቃል? የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ይጠይቃሉ። ወሩ ሲያልቅ ወረቀታቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

ከዚያ ወዲህ ነው ማታ ማታ ዳፍኒን መነካካት የጀመርኩት። ሩስታን ሌይኖ ማይክሮሶፍት ሪሰርች ሳለ የፈጠረው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮድህ ላይ ቃል ትገባለህ፦ «ሥራው ሲያልቅ የድርሻዎቹ ድምር ከጠቅላላው ጋር እኩል ነው»። ከኋላ ያለው ዚ3 የተባለ ማረጋገጫ ፕሮግራም ቃልህን ለየትኛውም ቁጥር ሊያረጋግጥ ይሞክራል። ካቃተው ኮድ የምትጽፍበት ኤዲተር ላይ ቀይ ያሰምርብሃል።

በፊት ቴረም ፕሩቪንግ፣ ማለትም አንድን ነገር በሒሳብ ማስረጃ ማረጋገጥ፣ ሲባል የግሪክ ፊደል የሞላበት ሰሌዳ ነበር የሚታየኝ። እዚህ ግን ያው የማውቀው ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ) እና ሉፕ (ድግግሞሽ) ነው።

ገና ስጀምር «በዜሮ ልታካፍል ትችላለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰው ከሌለስ? ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ኢንቫሪያንት ጠየቀኝ፤ ሉፑ በዞረ ቁጥር እውነት ሆኖ የሚቆይ ነገር ማለት ነው። «እስካሁን ያደልኩት ይህን ያህል ነው» ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህም አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ቀዩ መስመር አልጠፋ አለኝ። ለካ የጎደለው ይህ ብቻ ነው፦ ዝርዝር መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨምረህ መልሰህ ብትቆርጠው፣ ያው የድሮው ዝርዝር ነው። ይህን ልጅም ያውቀዋል! ይህንኑ «እዚህ ጋ እውነት ነው» ብሎ የሚናገር አንድ መስመር «አሰርት» ስጨምር ወዲያው አለፈ።

ብዙ ዴቨሎፐር ጥሎ የሚሄደው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሒሳቡ ከብዶት አይደለም። «ኮድህ ተሳስቷል» እና «ልክ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን አልታየኝም» የሚባሉት ሁለቱም ያው አንድ ቀይ መስመር ናቸው። የትኛው እንደሆነ የምትለየው አንተ ነህ፤ ያውም በሌሊት።

እኛ የምንሠራው ጃቫ በሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ የተረጋገጠውን ኮድ ወደ ጃቫ በእጄ ገለበጥኩት። ደረቴን ነፍቼ ልልከው ስል ተመላሽ ክፍያ ትዝ አለኝ፤ መቶ ብር ከዜሮ በታች፣ ለሦስት። ዳፍኒ ላይ የማካፈል ቀሪ መቼም ከዜሮ በታች አይወርድም። ጃቫ ላይ ግን ቀሪው −1 ይሆናል። ትርፏን ሳንቲም የሚያድለው ሉፕ አንዴም ሳይዞር ያልፋል። ያቺው ሳንቲም እንደገና ልትጠፋ ነበር። ማስረጃዬ ልክ ነው፤ ግን ያረጋገጥኩት የዳፍኒውን እንጂ የጃቫውን አልነበረም።

አስተካክዬ ላክሁት። ለኃላፊዋ አልነገርኳቸውም።