ባቡሩ ለሁለት ይከፈላል

ከበርሚንግሃም ወደ ዌልስ ምዕራብ ዳርቻ የሚሄደው ባቡር መሀል መንገድ ላይ ለሁለት እንደሚከፈል ማንም አልነገረኝም። ተነግሮኛል እንጂ፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ድምፅ ማጉያው መጀመሪያ በዌልስኛ ይናገራል፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ዌልስኛው ሲጀምር ጆሮዬ ይዘጋል፣ እንግሊዝኛው ሲመጣ እንደተዘጋ ነው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እኔ እንግዲህ ስትራቴጂክ ኮሙኒኬሽን በማስተርስ የማጠና ሰው ነኝ፤ ያውም መመረቂያ ጽሑፌ መልእክት ተነግሮ ለምን መሬት እንደማይነካ ነው።

ያዳኑኝ ውሻ የያዙ አሮጊት ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ባደግኩበት አገር አጠገብህ የተቀመጠ ሰው የት እንደምትወርድ ሳይጠይቅህ አምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ስለዚህ ዝምታቸውን ኩራት ብዬ ተርጉሜው ነበር። ማኸንሌዝ የሚባል ጣቢያ ስንደርስ (ይህን "ኸ" ፈረንጆቹ መጥራት ያቅታቸዋል፣ እኛ ፊደል አለን) ድንገት "የት ነው የምትወርደው ልጄ?" አሉ። አበሪስትዊዝ አልኳቸው። "ይሄ ፉርጎ ወደ ፑልሄሊ ነው! ተነስ!" ውሻውን በአንድ እጅ፣ ጃኬቴን በሌላው ይዘው እስከ በሩ ገፈታተሩኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሮጬ ትክክለኛው ፉርጎ ውስጥ ገባሁ። ቀሪው መንገድ በግና ውሃ ነበር።

ማረፊያዬ ግን ደስ አይልም። በስልክ 48 ፓውንድ ያሉኝ አዳር በር ላይ 55 ሆነ፣ ምክንያቱ "ክፍሉ ባሕር ያያል" ነው። ባሕሩ ይታያል፣ አንገትን በመስኮት አውጥቶ ወደ ግራ ለሚጠመዝዝ። ማሞቂያው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ካልሲ ደርቤ ተኛሁ፣ የባሕር ወፎቹ ደግሞ ገና ሳይነጋ ጣሪያው ላይ ጠብ ጀመሩ።

ጠዋት ባለቤቱ ምን እንደማጠና ጠየቀኝ። ነገርኩት። "አሃ፣ ፕሮፓጋንዳ!" አለ። ይህን ከአክስቴ ጀምሮ ሁሉም ሰው ይለኛል። አንድ አገር የሚናገረው በመግለጫ ብቻ አይደለም፤ መርከብ ሲልክ፣ አምባሳደር ሲጠራ፣ ዝም ሲልም ይናገራል፤ ጥያቄው ቃሉና ድርጊቱ አንድ ነገር ይላሉ ወይ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰውየው ሻዩን ቀድቶልኝ ሄደ። ሰባቱን ፓውንድ አላነሳሁበትም፣ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ለምን እዚህ ድረስ መጣህ ለሚል፣ የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ትምህርት ራሱን ችሎ የመጀመሪያውን የትምህርት ክፍል ያገኘው እዚህች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ 1919። ዴቪድ ዴቪስ የሚባሉ ባለጸጋና እህቶቻቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ተማሪዎች መታሰቢያ ብለው ገንዘብ ሰጡ፣ የፕሮፌሰርነቱ ወንበርም በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በዊልሰን ስም ተሰየመ። የዴቪስ ወረቀቶች ያሉት ኮረብታው ላይ በተሠራው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዳገቱን ስጨርስ ላቤ ጠብ ይል ነበር። እስክሪብቶ ይቀሙሃል፣ እርሳስ ብቻ።

እኔ የፈለግኩት የ1935ን የሕዝብ ድምፅ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ደጋፊዎች በብሪታንያ ቤት ለቤት ዞረው ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው አስሞልተዋል። አንዱን ቅጠል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ረጅም ጊዜ አየሁት። አምስት ጥያቄ፣ አዎ ወይም አይ። አምስተኛው ለሁለት ይከፈላል። ወራሪን አገር ሌሎች ተባብረው በኢኮኖሚ ያስቁሙት ወይ? ካስፈለገስ በጦር? ለፊተኛው ከ10 ሚሊዮን በላይ አዎ አለ። ለኋለኛው አዎ ያለው ወደ 6.8 ሚሊዮን ወረደ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደግሞ አይ አለ። ወረቀቱን እያየሁ ባቡሩ ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ጎኔ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ ገላመጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኛ እናውቀዋለን። ኢጣሊያ በፈረንጆቹ ጥቅምት 1935 ወረረች። ማዕቀብ ተጣለ፣ ነዳጅ ግን አልተካተተበትም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ቃሉ አንድ ነገር ሲል ድርጊቱ ሌላ። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ፣ ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለኢጣሊያ የሚሰጠው የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ድብቅ ስምምነት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ በቁጣ ተነሳና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆር ሥልጣን ለቀቁ። የሕዝብ አስተያየት ሚኒስትር ጣለ ማለት ነው። ፖሊሲውን ግን አልጣለም።

ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የተናገሩትን በክፍላችን ሳነሳ አንዱ ልጅ "ታዲያ ሠራ?" ብሎኝ ነበር። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ተነሳ። በአዳራሹ ከለካኸው አልሠራም። እኛ ግን ዛሬም ያን አዳራሽ የምናስታውሰው በማን ንግግር ነው? ያን ቀን ይህን መመለስ አልቻልኩም፣ ጭራሽ ተናደድኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ የጥናት ባለሙያነቴ ጠፍቶ የአገር ልጅ ብቻ ሆንኩ።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1936፣ እንግሊዛዊው ምሁር ኢ. ኤች. ካር የዊልሰንን ወንበር ይዞ እዚህ መጣ። ዴቪስ ፈጽሞ አልወደዱትም። በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ የፖለቲካ ኃይልን ሦስት ቦታ ከፈለው፤ ጦር፣ ኢኮኖሚ፣ በአስተያየት ላይ ያለ ኃይል። ሦስተኛው ከሁለቱ ተነጥሎ አይቆምም ባይ ነው። የኔ ዘርፍ ግማሹ ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ካርን አንብቤ ሁልጊዜ እከፋለሁ፣ ግን ስህተቱን ማግኘት ያቅተኛል።

አመሻሽ ላይ ባሕሩ ዳር ወጣሁ። ወደ ባሕሩ በተዘረጋው መራመጃ ሥር የሚያድሩ ጥቋቁር ወፎች በሺህ ሆነው ሰማዩን እንደ ጨርቅ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል። መንገዱ ኮረብታው ሥር ሲያልቅ ተማሪዎቹ የብረቱን አጥር በእግራቸው መታ አድርገው ይመለሳሉ። ለምን እንደሆነ ሁለት ልጆች ጠየቅኩ፣ ሁለት የተለያየ ምክንያት ሰጡኝ። እኔም መታሁ። ጣቴን አመመኝ።

ስመለስ አልተሸወድኩም። ጣቢያው ላይ ትኬት ተቆጣጣሪውን አስቁሜ የትኛው ፉርጎ እንደሚሻለኝ ጠየቅኩ። አልበቃኝም፣ ከገባሁ በኋላ ደግሜ ጠየቅኩት። ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "ወዳጄ፣ ወደዚያ ሲሄድ እኮ ባቡሮቹ ይገናኛሉ እንጂ አይለያዩም" አለኝ።